ደም በማፍሰስ የተጠረጠረ ልጅ እንዴት ይዳኝ? ጥያቄና መልስ

ለብዙ ዓመታት በተከላካይ ጠበቃነት የቆምኩት በአብዛኛው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ነው። በግድያ፣ ሰው በስለት በመውጋት፣ በዘረፋ የተከሰሱ ናቸው። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንደ ደረሱኝ እመልሳለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ስለምረዝም ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜን የገደለው የ16 ዓመት ልጅ ነው። «ልጅ ስለሆነ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ወንድሜ ዳግም የሚሞት ይመስለኛል። ለእሱስ ማን ይቆምለታል?

መልስ፦ ነፍሱን ይማር፤ እርስዎንም ያጽናዎት። የገዳዩ ዕድሜ የወንድምዎን ሞት በምንም አያቀለውም። ዕድሜ የሚለውጠው ልጁ የሚጠየቅበትን ልክና ከፍርዱ በኋላ የሚያዝበትን መንገድ ነው። ምርመራው የት እንደ ደረሰ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ፣ ልጁ በዋስ ተለቆ እንደሆነ ሊነገርዎ ይገባል። የሟች ቤተሰብ ይህን ሁሉ ከጎረቤት ወሬ ሲሰማ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያ ራሱን የቻለ በደል ነው።

አንድ ጊዜ የሟች እናት የልጃቸውን ደብተር ይዘው ችሎት መጡ። ዳኛው ፈቀዱላቸውና ሁለት ገጽ አነበቡ፤ የሒሳብ የቤት ሥራ ነበር፣ ከቁጥር በቀር ምንም የለበትም። ከችሎት ስንወጣ ደንበኛዬ «ስንተኛ ክፍል ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ለስድስት ወር ክሱ ሲነበብ «ሟች» የሚለውን ቃል ሰምቷል። ሟች ማለት የቤት ሥራ የሚሠራ ልጅ መሆኑ የገባው ያን ዕለት ነው። ስለዚህ የተጎጂ ቤተሰብ ከችሎቱ ሲገፋ የሚጎዳው ቤተሰቡ ብቻ አይደለም እላለሁ።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ልጅ በወንጀል የሚጠየቀው ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ነው?

መልስ፦ አገር ለአገር ይለያያል። በእንግሊዝ ከ10፣ በጀርመን ከ14፣ በኖርዌይ ከ15 ዓመት ጀምሮ ነው። ስኮትላንድ 8 የነበረውን ወደ 12 ከፍ አድርጋለች። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ለወጣት ጥፋተኞች የተደነገገው እርምጃ ይወሰድበታል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2019 መነሻው ቢያንስ 14 ዓመት እንዲሆን መክሯል።

ዕድሜውን ዝቅ ማድረግ ወንጀልን ያስቀራል ለሚሉ ዴንማርክን ልጥቀስ። በ2010 ከ15 ወደ 14 አወረደች፣ በ2012 መለሰችው። በኋላ ውጤቱን የመረመሩ ተመራማሪዎች የ14 ዓመት ልጆች ሕጉን ፈርተው ወንጀል እንደ ቀነሱ የሚያሳይ ነገር አላገኙም።

ጥያቄ፦ «አንጎሉ ገና አልበሰለም» የምትሉት ሰበብ አይደለም? የ16 ዓመት ልጅ መግደል ክፉ መሆኑን ያጣዋል?

መልስ፦ አያጣውም። በጸጥታ ቁጭ ብሎ እንዲያስብ ጊዜ ቢሰጡት ከአዋቂ ብዙም ያልራቀ መልስ ይሰጥዎታል። ችግሩ ሲናደድ፣ ሲፈራ፣ በተለይ ደግሞ ጓደኞቹ ዙሪያውን ከበው ሲያዩት ነው። ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እያደገ ይሄዳል። እኔ የያዝኳቸውን መዝገቦች ስቆጥር ልጁ ብቻውን ሆኖ ያጠፋበት ከስንት አንድ ነው።

ስለዚህ ክርክሩ «ያውቅ ነበር ወይ?» በሚለው አያልቅም። የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 37 ከ18 ዓመት በታች ባጠፋ ልጅ ላይ የሞት ቅጣትንም፣ የመፈታት ተስፋ የሌለው የዕድሜ ልክ እስራትንም ይከለክላል። አሜሪካ ስምምነቱን ባታጸድቅም ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2005 የሞት ቅጣቱን ከልክሏል። በ2012 ደግሞ የልጁ ዕድሜና ሁኔታ ሳይመዘን በሕግ አስገዳጅነት ብቻ የሚጣለውን የማይፈቱበት ዕድሜ ልክ እስራት ሽሯል።

ጥያቄ፦ ልጁ ራሱ «አዎ፣ አድርጌያለሁ» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ከዚህ በኋላ ምን ያከራክራል?

መልስ፦ ብዙ ያከራክራል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው።

በ1989 በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ አንዲት ሯጭ ተደፍራና ተደብድባ ለሞት ተቃርባ ተገኘች። ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆኑ አምስት ልጆች ለረጅም ሰዓታት ተመረመሩ፤ አራቱ በቪዲዮ ፊት ድርጊቱን አመኑ። አምስቱም ተፈረደባቸው። በ2002 አንድ በሌላ ወንጀል የታሰረ ሰው እኔ ነኝ አለ፣ የዲ ኤን ኤ ምርመራውም አረጋገጠበት፤ የልጆቹ ፍርድ ተሰረዘ። እስከዚያው አምስቱም በእስር ዓመታት አሳልፈዋል።

ያልሠራውን ሠርቻለሁ የሚል ልጅ መኖሩ ለሰሚው ይገርመዋል፤ ምርመራ ክፍል ገብቶ ያየ ሰው ግን አይገርመውም። የ15 ዓመት ደንበኛዬን «መብትህ ተነግሮሃል?» አልኩት። «አዎ» አለ። «ምን ተባልክ?» ስለው «ዝም ካልክ ይብስብሃል» አለኝ። ጽሑፉ ተነቦለታል፣ ፈርሟል፣ መዝገቡ ላይ ሁሉም የተሟላ ይመስላል። ልጁ የሰማው ግን የመብቱን ተቃራኒ ነው። ለምን አመንክ ስለው ደግሞ «ከፈረምክ ቤትህ ትሄዳለህ ብለውኝ ነው» አለ። የልጅ ስሌት ከፊቱ ያለችውን ሌሊት እንጂ አሥር ዓመት ወደፊት አያይም።

መደረግ ያለበት ግልጽ ነው። ጠበቃ ሳይኖር ልጅ ቃል አይስጥ። ምርመራው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በቪዲዮ ይቀረጽ፤ የመጨረሻዋ የእምነት ቃል ብቻ ከተቀረጸች ከዚያ በፊት የተባለው አይታይም። መርማሪው «ጓደኛህ አንተ ነህ ብሏል» እያለ በሐሰት አያጥምደው። ኢሊኖይ በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉትን በማታለል መመርመርን በሕግ ከልክላለች፤ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት።

ጥያቄ፦ ወንጀሉ የአዋቂ ከሆነ ለምን በአዋቂ ፍርድ ቤት አይዳኝም?

መልስ፦ ተሞክሯል። አሜሪካ በተለይ በ1990ዎቹ ልጆችን ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት ማዛወርን አስፋፋች። በ2007 በበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሏ በኩል የወጣ የባለሙያዎች ግምገማ የደረሱትን ጥናቶች አገላብጦ፣ የተዛወሩት ልጆች በወጣቶች ችሎት ከተዳኙት ይልቅ መልሰው የኃይል ወንጀል እንደሚፈጽሙ ደመደመ። ለደኅንነት ሲባል የተደረገው ደኅንነትን ቀነሰ ማለት ነው።

ሌላው የችሎቱ ነገር ነው። በ1993 በእንግሊዝ ሁለት የ10 ዓመት ልጆች አንድ የ2 ዓመት ሕፃን ከገበያ ማዕከል ወስደው ገደሉ። ከዚህ የከፋ ክስ ማሰብ ይከብዳል። 11 ዓመት ሞልቷቸው በአዋቂዎች ፍርድ ቤት፣ ሕዝብና ጋዜጠኛ በሞላበት ችሎት ቆሙ። ቁመታቸው ስለማይደርስ ችሎቱን እንዲያዩ የተከሳሽ ሳጥኑ ከፍ እንዲል ተደረገ፤ ያው ከፍታ ሁሉም ሰው እነሱን እንዲያይ አደረገ። የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1999 ልጆቹ በክርክሩ በሚገባ መሳተፍ ስላልቻሉ ፍትሐዊ ዳኝነት አላገኙም አለ። በወጣቶች ችሎት አጥፊው ያመልጣል ብሎ የሚፈራ ሰው ይህን ያስብልኝ፤ የማይገባውን ክርክር ተቀምጦ ያዳመጠ ልጅ ስለ ጥፋቱ ምን ይማራል?

ጥያቄ፦ ወላጆቹ ይታሰሩ።

መልስ፦ መሣሪያ ያቀበለ ወይም የደበቀ ወላጅ ለሠራው ይጠየቅ። ልጁ ስላጠፋ ብቻ ማሰር ግን እቤት የቀሩትን ታናናሾቹን ያለ ጠባቂ መተው ነው።

ጥያቄ፦ ስሙና ፎቶው ይውጣ፤ ሕዝብ ይወቀው።

መልስ፦ አልስማማም። ገና ያልተፈረደበት ልጅ ነው፤ ነጻ ቢወጣ ፎቶውን ማን ይመልስለታል? የተፈረደበትም ቢሆን አንድ ቀን ሥራ ሊፈልግ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የልደት ወረቀት የለውም። ፖሊስ 19 ነው ይላል፣ እናቱ 16 ይላሉ። ማን ይታመናል?

መልስ፦ ይህ ትንሽ ጥያቄ ይመስላል እንጂ የልጁን ዕድል በሙሉ የሚወስነው እሱ ነው። መጀመሪያ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የክትባት ካርድ፣ የጥምቀት ወረቀት ይፈለግ። ስለ ልደቱ የሚያውቁ ሰዎች ይመስክሩ። የእጅ አጥንት ራጅ ሲነሳ የሚመጣው ግምት ነው፤ በ16 እና በ18 መካከል ያለውን ልዩነት አስተማምኖ መለየት አይችልም። ጥርጣሬው ካልጠራ ለልጁ ይተርጎም፤ የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም የሚለው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገረን፤ በእርግጥ አደገኛ የሆነ ልጅ የለም?

መልስ፦ አለ። ከማኅበረሰቡ ተለይቶ መቆየት ያለበት ልጅ ገጥሞኛል፣ ይታሰር የሚለውንም አልተቃወምኩም። የምቃወመው የሚታሰርበትን ቦታ ነው። ከአዋቂ ጋር የተቀላቀለ ልጅ ወይ ይጠቃል ወይ ይሠለጥናል። የአሜሪካዋ ሚዙሪ በ1983 ትልቁን የወንዶች ልጆች ማሠልጠኛ ዘግታ፣ ልጆቹን ለቤተሰባቸው ቀረብ ባሉ ትንንሽ ተቋማት፣ በትንንሽ ቡድን፣ ከትምህርት ጋር መያዝ ጀመረች። ኒውዚላንድ ደግሞ ከ1989 ጀምሮ ልጁን፣ ቤተሰቡንና ተጎጂውን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ የቤተሰብ ጉባኤ በሕግ አቋቁማለች፤ ግድያ ግን በዚያ መንገድ አያልቅም፣ ልክም ነው።

ጊዜውንም አትርሱ። ለእኔና ለእናንተ የስምንት ወር ቀጠሮ ስምንት ወር ነው። ለ15 ዓመት ልጅ ግን አንድ ክፍል የሚደገምበት፣ ድምፁ የሚጎረንንበት፣ እስር ቤት ያገኘው ጓደኛ ወንድም የሚሆንበት ጊዜ ነው። አጭርም ቢሆን በጊዜው የመጣ ቅጣት፣ ምክንያቱ በተረሳ ጊዜ ከሚመጣ ረጅም ቅጣት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ትናንት ማታ ሰው ወግቷል ተብሎ ተያዘ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፍልህ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ ዕድሜውን የሚያሳይ ማንኛውንም ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፤ አስመዝግቢው። ጠበቃ እስኪመጣ ቃል እንዳይሰጥ ንገሪው፤ ለመክፈል አቅም ከሌለሽ መንግሥት እንዲያቆምለት በግልጽ ጠይቂ። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ወይም ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነ ጻፊና ስጫቸው። ከአዋቂዎች ጋር ታስሮ እንደሆነ አረጋግጪ፤ ከሆነ እዚያው አቤት በይ።

ትናንት የለበሰውን ልብስ አትጠቢ፣ አትጣይ፣ ስልኩንም አትነካኪ። የተጎዳው ሰው ቤተሰብ ዘንድ ዛሬ አትሂዱ፤ ለይቅርታ እንኳ ቢሆን እንደ ማስፈራራት ሊቆጠር ይችላል። ስታገኚው ስለ ድርጊቱ አትጠይቂው፤ የሚሰማ ሰው ይኖራል። በልተሃል ወይ፣ አሞሃል ወይ በይው። ሹራብም ያዥለት፤ ሲመሽ ወለሉ ይበርዳል።