ለሶሪያሲስ ኬረላ ድረስ መሄድ ያዋጣል ወይ?

ሰላም እህቴ። ወንድምሽ በሶሪያሲስ (ቆዳን እያቀላ ቅርፊት በሚያወጣ ሥር የሰደደ በሽታ) ለዓመታት ተቸግሮ፣ ቅባቱ ለጊዜው እያሻለው ተመልሶ እየወጣበት፣ ሰዎች "ህንድ ወስዳችሁ በአዩርቬዳ (በህንዶች ባህላዊ ሕክምና) አሳክሙት" እንዳሏችሁ ጽፈሻል። እኔም ይሄው በሽታ አለብኝ። ህንድ ስማር በደቡብ ህንዷ ኬረላ ግዛት ተኝቼ ታክሜያለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ሶሪያሲስን ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ በዘመናዊውም በባህላዊውም። "ከሥሩ እናድነዋለን" ካሏችሁ ጥላችሁ ውጡ።

የአዩርቬዳ ሕክምናው ግን ቀልድ አይደለም። ሐኪሞቹ ልምምዱን ጨምሮ 5 ዓመት ተኩል ይማራሉ። ጠዋት በባዶ ሆድ ከመራራ ቅጠላ ቅጠል ጋር የተነጠረ ቅቤ ያጠጣሉ። መጠኑ በየቀኑ ይጨምራል፤ ለመዋጥ ይተናነቃል። ከዚያ በዘይት ማሸት፣ በእንፋሎት ማላብ፣ ቀጥሎ ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት። ኮሶ እንደጠጣ ሰው ያደርጋል! መድኃኒት የገባበት አሬራ በግንባሬ ላይ በቀጭኑ ሲያፈሱልኝ ደግሞ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እርጎ፣ ኮምጣጣ ነገር፣ ዓሣን ከወተት ጋር መብላት ክልክል ነው።

ቅርፊቱ ረገፈ፣ ማሳከኩ ቀነሰ፣ ለወራት እፎይ አልኩ። የፈተና ጭንቀት ሲመጣ ግን ክርኔ ላይ ተመልሶ ወጣ። ግማሹ ፈውስ እረፍቱና ቆዳዬ በየቀኑ በዘይት መራሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በጣም የሚያሰጋኝ በሰው የሚላከው ስም የለሽ ዱቄትና ክኒን ነው። አንዳንዱ የአዩርቬዳ መድኃኒት ሆን ተብሎ እንደ ሜርኩሪ ወይም እርሳስ ካሉ ከባድ ብረቶች ጋር ይቀመማል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች ከአምስት አንዱ ያህሉ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶበታል። እነዚህ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳሉ። በሁለት ቀን የሚያጠፋ "የቅጠል" ቅባት ውስጥም ስቴሮይድ (መቅላትንና ማሳከክን ቶሎ የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት) ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

ወንድምሽ ሜቶትሬክሴት (ሐኪም ለከባድ ሶሪያሲስ የሚያዘው መድኃኒት) ወይም የስቴሮይድ ክኒን የሚወስድ ከሆነ፣ እባክሽ በራሱ እንዳያቆም። በተለይ ስቴሮይድ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው መግል ቋጥሮ መላ ሰውነትን ሊወር ይችላል። እኔ ኬረላ የገባሁት የቆዳ ሐኪሜን አማክሬ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራዬን ይዤ ነው። የምውጠውን ሁሉ ስም እያስጻፍኩ ለእሱ አሳየው ነበር።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ይየው፤ የብርሃን ሕክምና ይሆነው እንደሆነም ይጠይቅ። ጠዋት ሲነሳ መገጣጠሚያውን የሚያመው ከሆነ አይደብቃቸው። ሶሪያሲስ መገጣጠሚያም ይይዛል፤ ያ ደግሞ ቶሎ ካልታከመ አጥንት ያበላሻል።