ስትጸልዩ መጽሐፉን አትዝጉት

ውድ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ይህን ትጠይቁኛላችሁ። «ብሉይ ኪዳንን ሳነብ አይገባኝም። እንዲገባኝ እጸልያለሁ፤ አሁንም አይገባኝም። ምን ላድርግ?» የቅን ሰው ጥያቄ ነው። ስለዚህ የማስበውን ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ አልኩ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሕግ ሙያ ነው። ሥራዬ ማንበብ ነበር፤ ውል፣ አዋጅ፣ የምስክር ቃል፣ ፍርድ። ዕብራውያን ጠብቀው ያቆዩልንን ቅዱሳት መጻሕፍት ደግሞ ከወጣትነቴ ጀምሮ እየጸለይኩ አነባቸዋለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ እያደር የጸናብኝ ሐሳብ አንድ ነው። እግዚአብሔር ማስተዋልን ለሚለምነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመልስለት እዚያው በተከፈተው ገጽ ላይ ነው። ጸሎቱ ንባቡን አያስቀርላችሁም። እንዲያውም ወደ ንባቡ መልሶ ይልካችኋል።

ዳንኤል ምዕራፍ 9ን ክፈቱ። ዳርዮስ በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ዳንኤል በልጅነቱ ተማርኮ ባቢሎን ገብቶ እዚያው ሸምግሏል። በእጁ የያዘው የኤርምያስን ጽሑፍ ነው። ኤርምያስ ባቢሎን ስለምትገዛበት 70 ዓመት ጽፏል፤ በምዕራፍ 25ም በምዕራፍ 29ም ታገኙታላችሁ። ዳንኤል ይህን ቁጥር ያስተዋለው በሕልም አይደለም። ከመጻሕፍት እንዳስተዋለው ራሱ ይናገራል። እስቲ አስቡት። ራእይ የሚያይ ሰው ነው፤ የነገሥታትን ሕልም የፈታ ሰው ነው። ግን ቁጭ ብሎ የሌላ ነቢይ መጽሐፍ ያነባል።

ማቅ ለብሶ፣ ጾሞ፣ አመድ ላይ ሆኖ መጸለይ የጀመረው ካነበበ በኋላ ነው። ጸሎቱ ከቁጥር 4 እስከ 19 ይሄዳል። በእርጋታ ተከታተሉት። «ኃጢአት ሠርተናል» ይላል እንጂ «ሠርተዋል» አይልም። «ምስጢሩን ግለጥልኝ» የሚል ልመና በውስጡ የለም። የሚለምነው ለከተማዋና ለሕዝቡ ምሕረት ነው። ገና እየተናገረ ሳለ ገብርኤል መጣ፤ ይዞለት የመጣው ግን ማስተዋልን ነው። ሰዓቱም ሳይቀር ተጽፏል፦ የማታ መሥዋዕት ጊዜ። ልብ በሉ፣ ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። መሠዊያም የለም፣ የሚሠዋም የለም። ሽማግሌው ግን ቀኑን አሁንም በዚያ ሰዓት ይለካል።

እኔ ይህን ምዕራፍ ለጸሎት ሕይወቴ እንደ መምህር ነው የያዝኩት። ለማወቅ ብቻ ብለን ስንጸልይ ጸሎታችን ቶሎ ይደርቃል። ያነበብነው ነገር ስለ ሰዎች እንድንጨነቅ ሲያደርገን ግን ጸሎቱ ነፍስ ይዘራል።

አሁን ስለ አንድ ልማድ በግልጽ ልንገራችሁ። ዓይን ጨፍኖ፣ መጽሐፉን ገልጦ፣ ጣት ያረፈበትን ቁጥር «የዛሬ መልእክቴ» ማለት አለ። በስልክ ደግሞ ይኸው ነገር ሌላ መልክ ይዞ መጥቷል፤ በየጠዋቱ አንድ ቁጥር ብቻውን ተቆርጦ ይላክልናል። ለአፍታ ያጽናናል፤ አልክድም። ግን ማስተዋል በዚህ መንገድ አይገኝም።

ምሳሌ ላንሳ። «ጅማሬህም ታናሽ ቢሆን እንኳ ፍጻሜህ እጅግ ይበዛል» የሚለውን የማያውቅ የለም። ሥራ ስንጀምር፣ ስንመረቅ፣ ቤት ስንገባ እንለጥፈዋለን። ቦታው ኢዮብ 8፥7 ነው። የተናገረው ማን ነው? ሹሐዊው በልዳዶስ ነው። ለማን? ልጆቹን በአንድ ቀን ላጣው ለኢዮብ። ከዚያ በፊት በቁጥር 4 ላይ ምን ብሎታል? ልጆችህ በድለው ቢሆን ነው፣ ለበደላቸው ተሰጥተዋል እያለው ነው። ሐዘንተኛ አባት ፊት! መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል በ42፥7 እግዚአብሔር ከኢዮብ ሦስት ወዳጆች አንዱን ኤልፋዝን፣ በአንተና በሁለቱ ባልንጀሮችህ ላይ ተቆጥቻለሁ፣ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁምና ይለዋል። ከሁለቱ አንዱ በልዳዶስ ነው።

የክርክር መዝገብ ስናነብ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ይህን ያለው ከሳሽ ነው ተከሳሽ?» ብለን ነው። ይህን ያልለየ ሰው መዝገቡን መቶ ጊዜ ቢያነበው የተጻፈው ሁሉ የዳኛው ቃል ይመስለዋል። ቅዱስ መጽሐፍም በውስጡ ብዙ ተናጋሪ አለው። ማን ተናገረ? ለማን? ምን ሲሆን? ቀጥሎስ ምን መጣ? እነዚህን መጠየቅ የእምነት ጉድለት አይደለም። አምላኬ ሆይ አስተውል ዘንድ እርዳኝ ብሎ የጸለየ ሰው ገጹን እስከ ታች የማንበብ ግዴታ አለበት። ደግሞ ያን ቁጥር ስትወዱት ለኖራችሁ፣ ማንም አይቀማችሁም። ብቻ ከዚህ በኋላ ስታነቡት ኢዮብንም አስቡት። በልዳዶስ ጎን ተቀምጦ ያን ሁሉ የሰማው እሱ ነው፤ መጨረሻ ላይ ለእነዚያ ለሦስቱ ወዳጆች የጸለየውም እሱ ነው።

ወደ ሰሎሞን ልለፍ። ወጣቶች ናችሁና ይህ ታሪክ የእናንተ ነው። በገባዖን ሳለ እግዚአብሔር በሌሊት በሕልም ተገልጦ ምን እንድሰጥህ ትለምናለህ አለው። እርሱም መውጫና መግቢያውን የማላውቅ ታናሽ ብላቴና ነኝ አለ። በሕዝብህ ላይ ለመፍረድ፣ መልካሙንና ክፉውን ለመለየት አስተዋይ ልቡና ስጠኝ ብሎ ለመነ። ጸሎቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው። አዋቂ ለመባል አልለመነም። ነገ ጠዋት ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ፊቱ የሚቆሙ ሰዎች አሉ። በእርግጥም ታሪኩ ቀጥሎ የሚያሳየን ሁለቱን ሴቶችና አንዱን ሕፃን ነው። ሥራ የጀመራችሁ ልጆች ይህን ጸሎት ውሰዱት። የምታክሙት ሰው፣ የምታስተምሩት ልጅ፣ የምትፈርሙት ወረቀት እያለ «አስተዋይ ልቡና ስጠኝ» ማለት በጣም ተገቢ ልመና ነው።

ግን ታሪኩን እዚያ ላይ አታቁሙት። ዘዳግም ምዕራፍ 17ን አምጡና አጠገቡ አስቀምጡ። በእስራኤል ላይ የሚነግሥ ሰው ሦስት ነገር እንዳያበዛ ተከልክሏል፦ ፈረስ፣ ሚስት፣ ብርና ወርቅ። አንድ ነገር ደግሞ ታዝዟል። የሕጉን ቅጂ ለራሱ እንዲጽፍ፣ ከእርሱም ጋር እንዲሆን፣ በዕድሜው ሁሉ እንዲያነበው። ምክንያቱም ተገልጿል፤ ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ። አሁን አንደኛ ነገሥት 10ንና 11ን አንብቡ። ፈረሶች ከግብፅ ይመጣሉ። ብሩ በኢየሩሳሌም እንደ ድንጋይ በዝቷል። ሚስቶቹ 700፣ ቁባቶቹ 300 ናቸው። ሲሸመግል ልቡ ወደ ሌሎች አማልክት ዘነበለ። ያ በገባዖን የተሰጠው ማስተዋል እውነተኛ ነበር፤ የሰጠውም እግዚአብሔር ነው። ቢሆንም በወጣትነት አንዴ ተቀብለን ዕድሜ ልክ የምንመነዝረው ነገር አይደለም። ንጉሡ በየቀኑ እንዲያነብ የታዘዘው ለዚህ ይመስለኛል። በሙያዬ ብዙ ጎበዝ ወጣቶች ሲመጡ አይቻለሁ። ከዓመታት በኋላም ማስተዋላቸው እንደ ሰላ የቆየላቸው፣ ዛሬም እንደ ጀማሪ የሚጠይቁት ናቸው።

አይሁድ በዘወትር ቀን ሦስት ጊዜ ቆመው የሚጸልዩት አሚዳ የሚባል ጸሎት አላቸው። በምስጋና ይጀምራል። ልመናው ሲጀመር የመጀመሪያው ልመና ምን መሰላችሁ? ጤና አይደለም፤ ሲሳይም አይደለም። እነርሱ ኋላ ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚለመነው ዕውቀትና ማስተዋል ነው። ይህን ቅደም ተከተል በጣም እወደዋለሁ። ምን መለመን እንዳለበት የማያውቅ ሰው ሌላውን ልመና እንዴት ያቀናዋል?

ከእነርሱው አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። የጥንት ረቢዎች ትምህርት በተሰበሰበበት በሚሽና ውስጥ ረቢ ነሑንያ ቤን ሃቃና የሚባል መምህር አለ። ወደ መማሪያው ቤት ሲገባና ሲወጣ አጭር ጸሎት ይጸልይ ነበር። ይህ ጸሎት ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ስገባ በእኔ ምክንያት መሰናክል እንዳይመጣ እጸልያለሁ፤ ስወጣ ስለ ዕጣ ፈንታዬ አመሰግናለሁ አላቸው። በእኔ ምክንያት! ሊያስተምር እየገባ ያለ ሊቅ የሚፈራው የራሱን ስሕተት ነው፤ ሰው እንዳያሰናክልበት።

ይህን የማነሳው በከንቱ አይደለም። ዛሬ «እግዚአብሔር ገለጠልኝ» የሚለው ቃል በቀላሉ ይነገራል። አንድ ጊዜ ከተባለ ደግሞ ጥያቄ አያስነሣም። ሰው በዚህ ቃል ትዳር ሲያፈርስ፣ ወንድሙን ሲከስ፣ የታመመ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ እንሰማለን። ልጆቼ፣ አንድ ነገር ገባኝ ብላችሁ ስታስቡ በቅድሚያ ራሳችሁ ላይ ሞክሩት። የሚነካው ጎረቤታችሁን ብቻ ከሆነ እንደገና አንብቡ። እንደገናም ጸልዩ።

ከሌሎች ጋርም አንብቡ። ነህምያ 8 ላይ ዕዝራ በሰባተኛው ወር በመጀመሪያው ቀን፣ በውኃው በር ፊት፣ ከማለዳ እስከ ቀትር ሕጉን አነበበ። ሌዋውያኑ በሕዝቡ መሃል ሆነው ያስረዱ ነበር። ሕዝቡ ቃሉን ሲሰማ አለቀሰ፤ አታልቅሱ ተባለ። በማግስቱ የአባቶች ቤቶች አለቆች ሊማሩ ዕዝራ ዘንድ ተሰበሰቡ። በዳስ ስለ መቀመጥ የተጻፈውን አገኙ። ወዲያው ሕዝቡ ወደ ተራራ ወጥቶ ቅርንጫፍ ቆርጦ ዳሱን ሠራ። ያነበቡትን በሳምንታት ውስጥ በእጃቸው ሠሩት።

ለጸሎታችሁ ቃል ሲጠፋችሁ 119ኛውን መዝሙር ያዙ፤ በሌላው አቆጣጠር 118ኛው ነው። 176 ቁጥር አለው። በዕብራይስጡ በ22ቱ ፊደላት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ፊደል 8 መስመር ደርሶታል። በአንድ ጊዜ መጨረስ የለባችሁም። 8ቱን መስመር ብቻ አንብቡ፤ በድምፅ ይሁን። ዓይኔን ክፈት፣ አስተምረኝ፣ እንዳስተውል አድርገኝ የሚለው ልመና ደጋግሞ ይመጣል። ሕግህን ወደድሁ እያለ ብዙ የተናገረው ይኸው ሰው በመጨረሻው ቁጥር ላይ እንደ ጠፋ በግ ተቅበዘበዝሁ፣ ባሪያህን ፈልገው ይላል። እንዲህ የሚጸልይ ሰው አጠገባችሁ ስላለ አትፈሩ።

ጥያቄ ይዞ መጸለይም ነውር አይደለም። ዕንባቆም እስከ መቼ ብሎ ጮኾ፣ ከዚያ መልሱን ለማየት መጠበቂያው ላይ ቆመ። ያልገባችሁን ያልገባችሁ መሆኑን ለእግዚአብሔር ንገሩት። በኢያሱ መጽሐፍ ያለው ጦርነት ከከበዳችሁ ከብዶኛል በሉ። ገብቶኛል ብሎ ከማስመሰል ይህ ይሻላል።

የማይገባችሁ ነገር እንዳለ የሚቀርበት ጊዜም ይኖራል። ለዳንኤልም ቀርቶበታል። በምዕራፍ 12 ላይ ሰማሁ፣ ነገር ግን አላስተዋልሁም ይላል፤ ሂድ ተባለ፣ ቃሉ የታተመ ነውና። ከዚያ ቀደም ብሎ በምዕራፍ 8 መጨረሻ ራእዩ ሳይገባው ታሟል። ከዚያስ? ተነሥቶ የንጉሡን ሥራ ሠራ። ያልተፈታ ጥያቄ በልቡ ይዞ ቢሮው ገባ ማለት ነው። ዘዳግም 29፥29ም ምሥጢሩ የእግዚአብሔር ነው፣ የተገለጠው ግን እናደርገው ዘንድ የእኛና የልጆቻችን ነው ይላል። ያልተገለጠውን ስንጠብቅ የተገለጠው ሥራ አያልቅብንም።

ከየት እንጀምር ለምትሉኝ፣ ከሩት ጀምሩ። 4 ምዕራፍ ብቻ ናት፤ በአንድ ቁጭታ ታልቃለች። በውስጧ ሰዎቹ አንዱ ሌላውን ሲመርቁ ታያላችሁ። በምዕራፍ 1 ኑኃሚን ምራቶቿን ዕረፍት እንዲያገኙ ትመርቃለች፤ በምዕራፍ 3 ለሩት ዕረፍት ልትፈልግላት የምትነሣው ራሷ ናት። በምዕራፍ 2 ቦዔዝ ሩትን እግዚአብሔር እንደ ሥራሽ ይክፈልሽ ይላታል፤ በምዕራፍ 4 የሚያገባት እርሱ ነው። የቀሩትን ምርቃቶች እናንተ ፈልጉ። እያንዳንዱ በማን እጅ እንደ ተፈጸመ በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ጻፉ።