ጃፓን በኅዳር፣ ሁለት ሆነን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። «ከባለቤቴ ጋር ለ12 ቀን ጃፓን ልንሄድ አስበናል፣ ለጥቁር ሰው እንዴት ነው? ጉዟችን የነቢያት ጾም ላይ ስለሚውል ምን እንበላለን? ስንት ከተማስ እንያዝ?» ብለሻል። እኛ ባለፈው ኅዳር ልክ እንደዚሁ አድርገን ሄደን ነበር። እኔና ባለቤቴ፣ ከዋሽንግተን፣ ለ12 ቀን። ሁለታችንም ሃምሳን አልፈናል። ልጆቹ ከቤት ከወጡ ወዲህ ለብቻችን የሄድነው የመጀመሪያው ረጅም መንገድ ነው። ስለዚህ ትንሽ ቢረዝምብሽም ታገሺኝ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ከተማ አታብዙ። እኛ ስንነሳ አምስት ከተማ ጽፈን ነበር። ቶኪዮ፣ ኪዮቶ፣ ናራ፣ ኦሳካ፣ ሂሮሺማ። በሦስተኛው ቀን ማታ ባለቤቴ እግሩን አልጋው ላይ ሰቅሎ «ከዚህ ወዲያ በየሁለት ቀኑ ሻንጣ አልጎትትም» አለኝ። እውነቱን ነው። እዚያ አገር ሳታስቢው በቀን 20 ሺህ እርምጃ ትሄጃለሽ። ሺንጁኩ የሚባለው ጣቢያ ብቻውን ትንሽ ከተማ ነው፣ መውጫው ጠፍቶብን ግማሽ ሰዓት ያህል ዞረናል። ስለዚህ ሐሳባችንን ቀየርንና ቶኪዮን አምስት ሌሊት፣ ኪዮቶን አራት፣ ኮያሳን የሚባለውን ተራራ አንድ ሌሊት አደረግን፣ የቀረውን ለመመለሻ ተውነው። የሚቆጨኝ ሂሮሺማ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ጥቁርነታችን። ላባብልሽ አልፈልግም። በ12 ቀን ውስጥ አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረንም፣ በቆዳችን ቀለም ምክንያት ከየትም አላስወጣንም። ግን ባቡር ውስጥ አጠገባችን ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ሰው ቆሞ ሲሄድ አይተናል፣ ከአንዴም ሁለት ሦስቴ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን በጣም ከፋው፣ እራት እንኳ አልበላም። በኋላ ካትሱሺካ በሚባለው የቶኪዮ ክፍል፣ ዮትሱጊ አካባቢ፣ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉና እንጀራ ልንበላ ሄደን እዚያ ለረጅም ዓመት የኖረች እህት አገኘን። ስንነግራት ሳቀችና «እኔንም ያጋጥመኛል፣ ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ታናግረኛለች ብለው ነው የሚፈሩት» አለችን። ሁሉም ፍርሃት ነው ብዬ አላምንም። ግን የራሴንም አይቻለሁ። እኔ ቀድሜ ትንሽ ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ስሰጥ ፊታቸው ወዲያው ይፈታል። መንገድ ስትጠይቂማ ሥራቸውን ትተው እስከ በሩ ያደርሱሻል። ሲያደርሱሽም ብዙ አያወሩም። ዝምታቸውን እንደ ጥላቻ አትውሰጂው፣ እኛ ለሁለት ቀን እንደዚያ ወስደነው ቀናችንን አበላሽተናል።

የገረመኝ ደግሞ ጠባያቸው ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ዕቃ ሲሰጡሽ በሁለት እጅ ነው። ለሰላምታ እጅ ይነሳሉ። ትልቅ ሰው ሲያልፍ መንገድ ይለቃሉ። እናቴ በልጅነቴ «በአንድ እጅ አትቀበይ» እያለች ስንቴ እጄን እንደመታችኝ አስታወስኩ። ጫማም እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይወልቃል፣ ቤተ መቅደሱ፣ ማደሪያው፣ አንዳንዱ ምግብ ቤት ሳይቀር። ስለዚህ ማሰሪያ የሌለው ጫማና ያልተቀደደ ካልሲ ያዙ። እኔ ቡትስ አድርጌ ሄጄ በቀን አሥር ጊዜ ስፈታና ሳስር ወገቤ ተቆረጠ።

አንድ ነገር ግን ከእኛ ይለያል። ባቡር ውስጥ ስልክ አይወራም። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ወንድሙ ደወለለትና እንደ ለመደው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሄሎ! ሄሎ!» ሲል ባቡሩ ሙሉ ፀጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ምንም ሳይናገሩ ግድግዳው ላይ ያለውን ምልክት በጣታቸው አሳዩት። ዘጋውና ይቅርታ ብሎ ጎንበስ አለ። ሽማግሌውም አጸፋውን ጎንበስ አሉለት፣ በዚያው አለቀ።

ነጠላዬንም እዚያው ባቡር ላይ ጥዬ ወርጄ ነበር። የእናቴ ነጠላ ነው፣ ሌላ ቢሆን አልጨነቅም። ጣቢያው ቢሮ ሄደን በስልኩ መተርጎሚያ ማስረዳት ጀመርን። ሠራተኛው ወረቀት አወጣና አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ቀለሙ? ነጭ። ርዝመቱ? ጥለቱ ምን ዓይነት ነው? ስንተኛው ፉርጎ ነበርሽ? ስንት ሰዓት? ልጁ ሁሉን ጽፎ ስልክ ደወለ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ባቡሩ መጨረሻ ከሚቆምበት ጣቢያ ሄደን ወሰድነው። ታጥፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ቁጥር ተለጥፎበት። እዚያው አለቀስኩ።

ንቅሳት ካለሽ ይህን በደንብ አንብቢ። እኔ አንገቴ ላይ የአገር ቤት ንቅሳት አለኝ፣ እጄም ላይ መስቀል። ሃኮኔ የሚባል የፍል ውሃ ቦታ ከቶኪዮ ለአንድ ቀን ሄድን፣ ከሺንጁኩ በፈጣኑ ባቡር 85 ደቂቃ ያህል ነው። አንድ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ሴትዮዋ አንገቴን አየችና ሁለት እጇን አጣምራ አይቻልም አለች። እዚያ አገር ንቅሳት ከወሮበሎቹ፣ ያኩዛ ከሚሏቸው ጋር ስለተያያዘ ብዙ መታጠቢያዎች ይከለክላሉ። የእኔ የመስቀል ምልክት ነው፣ አያቴ ናት ያስነቀሰችኝ ብዬ ለማን ላስረዳ? በጣም አዘንኩ። ኋላ ግን ለባልና ሚስት ብቻ በሰዓት የሚከራይ መታጠቢያ እንዳለ ተነገረን፣ ካሺኪሪ ይሉታል። ሌላ ቦታ ከፍለን ገባን። ከእንጨት የተሠራ ገንዳ፣ ውሃው የሚፋጅ፣ በመስኮቱ ቀይ የሜፕል ቅጠል ይታያል። ለካ መጀመሪያውኑ እሱን መያዝ ነበረብን። በጋራ መታጠቢያው ራቁት መግባት ግዴታ ስለሆነና ወንድና ሴትም ስለሚለያይ፣ ለባልና ሚስት ካሺኪሪው ይሻላል። ኪኖሳኪ የሚባል ከተማ ደግሞ የሕዝብ መታጠቢያዎቹ ንቅሳት ያለውን ሰው ያስገባሉ። ከኪዮቶ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ገንዘብና ባቡር ላይ ብዙ አልልም። የቱሪስት የባቡር ፓስ ግዙ የሚላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ አስሉት። የሰባት ቀኑ በ2023 ዋጋው ከ29,650 ወደ 50,000 የን ገብቷል። ከቶኪዮ ኪዮቶ ሺንካንሰን በሚሉት ፈጣን ባቡር አንድ ጉዞ 14,000 የን አካባቢ ነው፣ ደርሶ መልሱ 28,000። ስለዚህ እንደ እኛ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ከሆነ ፓሱ ኪሳራ ነው። ለከተማ ውስጥ ሱይካ የሚባለውን ካርድ ያዙ፣ ለባቡሩም ለአውቶቡሱም ለሱቁም ይሆናል። ጥሬ ገንዘብም አይለያችሁ፣ ብዙ ቤተ መቅደሶችና ትናንሽ ምግብ ቤቶች ካርድ አይቀበሉም። ጉርሻ የሚባል ነገር የለም፣ ጠረጴዛ ላይ ብትተዪ ሮጠው ይመልሱልሻል። ትልቁን ሻንጣ ከሆቴል ወደ ሆቴል የሚልክ አገልግሎት አለ፣ በማግስቱ ይደርሳል። እሱን ስናውቅ ነው ያረፍነው።

ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ ስትሄጂ በስተቀኝ መስኮት ያለውን ወንበር ያዢ፣ ፉጂ የሚባለው ትልቁ ተራራቸው በዚያ በኩል ነው። ከተነሳን ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ ድንገት ብቅ አለ። ባለቤቴ የጎንደር ልጅ ነውና ቁመቱን በስልኩ አየ፣ 3,776 ሜትር። «ራስ ዳሸን ይበልጠዋል» አለ። ከዚያ ግን እስኪጠፋ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

ኪዮቶ ላይ ስህተት ሠርተናል። የገባነው በኖቬምበር 22 ነው። 23 ደግሞ የእነሱ የሕዝብ በዓል ነው፣ ቅጠሉም የሚቀላበት ሰሞን። ሦስት አውቶቡስ ሞልቶ አለፈን፣ በአራተኛው ተጨቁነን ገባን። ያየነው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። በማግስቱ ከለሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተን ፉሺሚ ኢናሪ ሄድን። ያ ሺህ በሺህ ቀይ በር ተደርድሮ ተራራ የሚወጣበት ቦታ ነው። በር አይዘጋም፣ ክፍያም የለውም። ስንደርስ አንዲት ውሻ ከሚያናፍሱ ሴትዮ በስተቀር ሰው አልነበረም። እየወጣሽ ዞር ብለሽ ስታዪው በየበሩ ጀርባ ጽሑፍ አለ፣ በሩን የሰጠው ሰው ወይም ድርጅት ስም ነው። ስለት ያገባ ሰው ስም መሆኑ ሲገባን ቦታው ሌላ መሰለን። ረፋዱ ላይ ስንወርድ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ሆኗል። ኪዮቶን ጎህ ሲቀድ ካላያችሁት አይታችሁታል አልልም።

ጾሙም በዚያው ቀን፣ ኅዳር 15 ገባብን። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ዓሣ በጾም የምትበሉ ከሆነ ችግሩ ግማሹ ተፈታ። እኛ አንበላም። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ፣ ኑድል፣ የተቀቀለ ጎመን ሁሉ ዳሺ በሚሉት መረቅ ነው የሚሠራው፣ ዳሺ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው። «ሥጋ የለውም?» ስትዪ የለውም ይሉሻል፣ አልዋሹም። ስለዚህ በጃፓንኛ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ ዳሺም አንበላም» የሚል ወረቀት አስጽፈሽ ያዢ። እኛን ያዋለን ከኮንቢኒ፣ ማለት በየመንገዱ ካለው ሱቅ፣ የምንገዛው ኡሜቦሺ የሚባል ጎምዛዛ ፕለም ያለበት የሩዝ ጥቅልል ነው። በብርዱ ሰሞን በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ ትኩስ የተጠበሰ ስኳር ድንችም አለ፣ ቆዳው ተሰንጥቆ ማር የሚመስል ይወጣዋል። አንዱን ለሁለት ተካፍለን እጃችንን እያሞቅን እንበላ ነበር።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ግን ኮያሳን ሂዱ። ከኦሳካ ናምባ በባቡር ተነስታችሁ መጨረሻው ላይ በገመድ በሚጎተት ባቡር ተራራውን ትወጣላችሁ። ቦታው በ816 ኩካይ የሚባል መነኩሴ የጀመረው የቡድሃ ገዳም ነው። ከ50 በላይ የሚሆኑት ቤተ መቅደሶች እንግዳ ያሳድራሉ። ለሁለታችን ከእራትና ከቁርስ ጋር 30 ሺህ የን ገደማ ከፈልን። ወለሉ ታታሚ የሚሉት የሣር ምንጣፍ ነው፣ ፍራሹ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ብርዱ እንደ ደብረ ብርሃን። አመሻሽ ላይ አንድ ወጣት መነኩሴ ገበታውን ክፍላችን ድረስ አመጣልን። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር የለም። መረቁም ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ ነው። ከሰሊጥ የሚሠራ ቶፉ የሚሉት እንደ አይብ የረጋ ምግብ ነበር፣ ልስልስ ያለ፣ ሽታው የእናቴን የሰሊጥ ወጥ አስታወሰኝ። በዚያ አገር ያለ ጥያቄ፣ ያለ ወረቀት፣ ሳንሳቀቅ የበላነው የጾም ምግብ እሱ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጸሎታቸውን ማየት ይፈቀዳል። ሃይማኖቱ የእኛ አይደለም፣ ከኋላ ተቀምጠን አየን እንጂ አልጸለይንም። ግን ዕጣኑ፣ ጨለማው፣ የሽማግሌዎቹ ወፍራም ድምፅ እየተቀባበለ ሲወርድ ባለቤቴ በልጅነቱ ከአያቱ ጋር ማኅሌት የቆመበትን ሌሊት አስታወሰው፣ እስከ ቁርስ አልተናገረም። ከዚያ ኦኩኖይን ወደሚባለው መቃብር ሄድን። ከ200 ሺህ በላይ መቃብር ከትልልቅ ዝግባ በታች፣ ሽበት በለበሰ ድንጋይ። መነኩሴው ኩካይ እዚያ መጨረሻ ላይ ናቸው። ሞቱ አይሏቸውም፣ በተመስጦ ላይ ናቸው ነው የሚሉት፣ እኛ ተሰወሩ እንደምንለው። እስከ ዛሬ በየቀኑ ምግብ ይወስዱላቸዋል።

አንድ የመጨረሻ ቦታ፣ በየትኛውም የቱሪስት ዝርዝር ላይ አላገኘሁትም። ቶኪዮ ተመልሰን ቶቢታኪዩ ወደሚባል ጣቢያ ሄድን። በ1964ቱ ኦሊምፒክ የማራቶን ሯጮች የዞሩበት ቦታ ላይ ድንጋይ ቆሟል። የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ጥቂት ሳምንት ብቻ የሆነው አበበ ቢቂላ ጥቅምት 1957 በእኛ አቆጣጠር በዚያች ዞሮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ቦታው ተራ አውራ ጎዳና ነው፣ መኪና ያልፋል። ባለቤቴ ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ፣ አባቱ በሬዲዮ እየሰሙ እንደዘለሉ ስንት ጊዜ ነግረውታል። ሲመሽ አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ገባን። ባለቤቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፣ ቡናውን ጠብታ በጠብታ ነው የሚያጠሉት። የይርጋጨፌ ቡና አላቸው። ከየት ናችሁ ሲሉን ኢትዮጵያ አልናቸው። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡና «አበበ!» ብለው በሁለት እጃቸው እጃችንን ያዙ።

ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ ቪዛውን ከመሄዳችሁ በፊት ከኤምባሲ አውጡ፣ የአሜሪካ ከሆነ ለ90 ቀን አያስፈልግም። ኪዮቶን ከኖቬምበር 23 አካባቢ አርቁት፣ ማደሪያውንም ከወራት በፊት ያዙ። ቀናችሁን ስትቆርጡ ጻፊልኝ፣ ያደርንበትን ቤተ መቅደስ ስምና የዚያችን የጃፓንኛ ወረቀት ፎቶ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።