ምሰሶውን ላውርደው ወይስ እንደቆመ ይክረም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አጎቴ የተወልኝ አንዲት ትንሽ የሸራ ጀልባ አለችኝ። ምሰሶዋ አሉሚኒየም ነው፣ ከፊትና ከግራ ቀኝ በብረት ገመድ ተወጥሯል። ሰኔ ከገባ እስከ መስቀል አልነካትም። የፈረንጅ መመሪያ ሳነብ የሚያወራው ስለ በረዶና ውርጭ ብቻ ነው። ለጣና ዳር ምን ላድርግ? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አውርደው ወንድሜ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነፋስና መብረቅ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሐይቅ ዳር ብቻውን የተገተረ አሉሚኒየም ደግሞ ለሁለቱም የተመቸ ነው። ቆሞ ከከረመ ገመዱ ሁሉ በየነፋሱ ሲፋተግ ይከርማል፣ ሳትጠቀምበት ያልቅብሃል።

መጀመሪያ ቀና ብለህ እይ። ከላይ የመብራት ሽቦ ካለ ጀልባዋን ከዚያ አርቃት፣ በዚህ ቀልድ የለም። ብቻህንም አትሞክረው። ሁለት ሦስት ሰው ጥራ፣ አንዱ የፊቱን ገመድ ቀስ እያለ ይልቀቅ፣ ሌሎቹ ከኋላ ይቀበሉት። ከመፍታትህ በፊት ሁሉንም በሞባይል ፎቶ አንሳ፣ መወጠሪያ ብሎኖቹም እስከ የት እንደጠበቁ በቀለም ምልክት አድርግ፤ አለዚያ መስከረም ላይ ምሰሶህ እንደ ሰከረ ሰው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል።

አሁን ዋናው ሥራ። የብረት ገመዱን በአሮጌ የጥጥ ጨርቅ ይዘህ ከላይ እስከ ታች ጥረገው። ጨርቁ ከተያዘ እዚያ ጋ አንዷ ክር ተበጥሳለች ማለት ነው፤ በባዶ እጅ አትንካው፣ ይወጋሃል። አንዲት ክር እንኳ ከተበጠሰች ገመዱ ይቀየር፣ የቀሩትም እኩል ነው ያረጁት። ከዚያ ገመዱ ብረት ውስጥ የሚገባበትን ጫፍ፣ በተለይ የታችኛውን፣ በባትሪ አብርተህ እይ። ዝናቡ በገመዱ ተንሸራቶ የሚጠራቀመው እዚያ ስለሆነ ቡናማ ዝገት ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ እዚያው ታገኘዋለህ። ጣና ጨው የለውም፣ እሱ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ግን «የማይዝግ» የሚባለውም ብረት መውጫ ያጣ እርጥበት ውስጥ ከከረመ ይዝጋል።

በምሰሶው ውስጥ የሚያልፈውን የሸራ መሳቢያ ገመድ ስትነቅል ጫፉ ላይ ሲባጎ ቋጥርበት። ገመዱ ይወጣል፣ ሲባጎው ውስጥ ይቀራል፣ መስከረም ላይ በሱ መልሰህ ትስበዋለህ። ገመዱን በሳሙና እጠበው፣ በረኪና እንዳታስጠጋው፣ ጥላ ላይ ይድረቅ።

ምሰሶውን አጥበህ አድርቀህ ጣሪያ ያለበት ቦታ ቢያንስ ሦስት ቦታ ደግፈህ አስተኛው። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አታሳርፈው፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የብረት ገመዶቹንም ፍታቸውና በሰፊው ጠቅልለህ ለብቻ ስቀል። ሁለቱ ብረቶች ረጥበው ከተነካኩ ተጎጂው አሉሚኒየሙ ነው፣ ነጭ ዱቄት ሲያወጣ ታየዋለህ። እባክህ ደግሞ በላስቲክ እንዳትጠቀልለው! ብዙ ሰው ተጠነቀቅኩ ብሎ የሚያበላሸው በዚህ ነው፤ እርጥበቱን አብሮ ያሽገዋል። የደንገል ታንኳ ያላቸው ሰዎች እንኳ ከውሃ ሲያወጡት አቁመው ነው የሚያደርቁት። ሸራው ደርቆ ይታጠፍና አይጥ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ።

ጀልባዋንስ? ሐይቁ አሁን ግንቦት መጨረሻ ላይ ዝቅ ብሎ ስታየው እንዳያታልልህ። የሚሞላው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ዛሬ ደረቅ የሆነው ዳርቻ ያኔ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ርቀህ ጎትታትና ዝናብ እንዳይጠራቀምባት ገልብጣት።