ፖስተሬ ሲታተም ለምን ደበዘዘ?

ጥያቄ፦ በአነስተኛ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ግራፊክ ዲዛይን እማራለሁ። ለዐውደ ርእይ የሠራሁት ኤ3 ፖስተር ሲታተም ቀለሙ ደበዘዘ፣ የአማርኛው ፊደልም ባዶ ሳጥን ሆነ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስክሪን በብርሃን (አርጂቢ)፣ ማተሚያ ግን በአራት ቀለም (ሲኤምዋይኬ) ይሠራል፤ የስክሪኑ ደማቅ አረንጓዴ ወረቀት ላይ አይገኝም። ፋይሉን ከመነሻው በሲኤምዋይኬ ይክፈቱ።

ሳጥኑ የመጣው ፎንትዎ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ነው። ኢለስትሬተር በተባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ጽሑፉን መርጠው «ክሪኤት አውትላይንስ» ይበሉ፤ ፊደሉ ወደ ሥዕል ቅርጽ ስለሚለወጥ ፎንቱ አያስፈልግም። ከዚያ ወዲያ ፊደል ማረም አይቻልምና ዋናውን ቅጂ አስቀድመው ለብቻ ያስቀምጡ፤ ይህን አደራ!

የጀርባውን ቀለም በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ትርፍ አድርገው ያስረዝሙ፣ ማለትም 297 በ420 የሆነው ኤ3 303 በ426 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ አለዚያ ሲቆረጥ ነጭ መስመር ይታያል። ፎቶ በቴሌግራም ሲቀበሉ «በፋይል» ይላክልዎ፤ በተራው መንገድ ሲላክ ጥራቱ ይወርዳል።