ስለ ሾትና አንግል ጠይቁ፦ አጭር ፊልም ለሚሠሩ ተማሪዎች

ወደ ጥያቄው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። «ይህ ትዕይንት የማን ነው?» (ማለትም ተመልካቹ ከማን ጎን ሆኖ ያያል?) ለሚለው መልስ ሳትይዙ ስለ አንግል፣ ካሜራው ከየትና ከምን ቁመት እንደሚያይ፣ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናትና ልጅ የሚጋጩበት ትዕይንት አለኝ። እናት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ታፈላለች፣ ልጁ ቆሟል። ከየት ልቅረጽ?

መልስ፦ ጎሽ፣ እንዲህ ጠይቁ። ብዙ ተማሪ ትራይፖዱን በራሱ ቁመት ይዘረጋና እናትየዋን ከላይ ወደ ታች ይቀርጻታል። ገና ሳትናገር የተሸነፈች ትመስላለች። ዳይሬክተሩ ግን እንዲህ ብሎ አላሰበም፤ ትራይፖዱ ወሰነለት።

ትዕይንቱ የእሷ ከሆነ ካሜራውን እስከ ዓይኗ ቁመት አውርደው፤ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ልጁንም ከእሷ ቦታ ሆነህ ቀና ብለህ ቅረጸው። ይገዝፋል፣ ግን ተመልካቹ ከእሷ ጎን ተቀምጧል። ትዕይንቱ የልጁ ከሆነ ገልብጠው። ካሜራው በቆመው ልጅ ቁመት ሆኖ ወደ እሷ ይመልከት። ዓይኗን ከረከቦቱ ላይ አለማንሳቷ ያኔ ትርጉም ያገኛል።

ክሎዝ አፕ ላይ፣ ፊትን ብቻ በቅርበት ማሳየት ላይ፣ ደግሞ አትቸኩል። አቦል ሲቀዳ ቤቱን በሰፊው አሳየን። ቶና ላይ ወደ ሚዲየም (ከወገብ በላይ) ቅረብ። ፊቷን ለበረካ አቆየው። ከመጀመሪያው ጀምረህ ፊቷን ከደቀንክብን፣ ጠቡ ሲከር የምትቀርብበት ቦታ አይኖርህም።

ጥያቄ፦ ምርጡ አንግል የቱ ነው?

መልስ፦ ለየትኛው ትዕይንት? የማን ትዕይንት? እሱን ይዘህ ና።

ጥያቄ፦ በስልክ ነው የምቀርጸው። ክሎዝ አፕ ላይ አፍንጫ ይገዝፋል።

መልስ፦ በጣም ስለተጠጋህ ነው። ራቅ በልና 2 እጥፍ በሚያቀርበው ሌንስ ቅረጽ።

አንድ የቡድኑ አባል፦ ስልክ ለመመረቂያ ፊልም አይሆንም። ካሜራ ተከራዩ፣ ጀርባው ደብዘዝ ይላል።

ሌላ አባል፦ ኪራዩን ማን ሊከፍል? ያንን ብር ለድምፅ አውጡት። ንግግሩ የማይሰማ ፊልም ማን ይጨርሳል?

አንድ አባል፦ ዳኞች መጀመሪያ የሚያዩት ምስሉን ነው።

ሌላ አባል፦ ጀርባው ለምን ይደበዝዛል? ቤቱ ራሱ የታሪኩ አካል ነው እኮ።

መልስ፦ የካሜራ ክርክሩን እዚህ ላይ አቁሙልኝ። ስለ ቤቱ የተባለው ግን ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ኤዲቲንግ ላይ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ።

መልስ፦ መስመር ተሻግረሃል። በሁለቱ መካከል መስመር እንዳለ አስብና ካሜራውን በአንዱ ወገን ብቻ አቁም። መሻገር ግድ ከሆነ ሳትቆርጥ ካሜራውን አዙር፤ ተመልካቹ ሲዞር ይየው። ወይም በመካከሉ እጅ፣ ጀበና፣ የሆነ ነገር ለብቻው አስገባ። ይህን ሾት ከቀረጻው ቦታ ሳትሄድ ቅረጸው።

ጥያቄ፦ ቪዲዮው ላይ አምፖሉ ይርገበገባል።

መልስ፦ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርግ።

ጥያቄ፦ ፊልሜን በድሮን ልጀምር?

መልስ፦ ታሪክህ አንድ ክፍል ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ከሰማይ ምን ልታሳየን ነው? ለድሮን ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሎው አንግል (ከታች ወደ ላይ) ነው ሃይ አንግል (ከላይ ወደ ታች) የሚሻለው?

መልስ፦ አሁንም ያው ጥያቄ! የማን ትዕይንት ነው? እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ ስለ ከለርስ?

መልስ፦ የኔ ሙያ አይደለም። ኤዲተር ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የምትሄድ ልጅ አለችኝ። ቦታው ጠባብ ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ ታክሲው ቆሞ ሞክሩት። ከፊቷ ባለው ወንበር ወደ ኋላ ዞረህ ተቀመጥ፣ ካሜራው በዓይኗ ቁመት ይሁን። ቆመህ ከጣሪያው ሥር ከቀረጽካት የምናየው ፀጉሯን ነው። በሩ በፍሬሙ አንድ ጎን ይቆይ። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቃት ፊቱን አታሳየን፤ የተዘረጋው እጁ ይበቃል።