ሻማችሁን አታጣድፉት

ልጆቼ፣ ከአኩሪ አተር ሰም ሻማ የምትሠሩ ወጣቶች በዝታችኋል፤ በጣም ደስ ይለኛል። የምትጠይቁኝ ግን ሁሌም አንድ ነገር ነው፤ «ሽታው ለምን አይወጣም?» ብዙዎቻችሁ መልሱን የምትፈልጉት ሽቶው ላይ ነው። ከሰሙ ክብደት 6 በመቶ የነበረውን ሽቶ 10፣ 10 የነበረውን 12 ታደርጉታላችሁ። በዚህ ሥራ ያረጀሁት እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሻማው መቼ እንደተቀዳ ነው።

ትናንት የተቀዳ ሻማ በእጅ ሲነካ ጠጥሯል፤ ውስጡ ግን ገና ነው። የአኩሪ አተር ሰም በሃይድሮጅን እንዲጠጥር የተደረገ ዘይት ነው። ከረጋ በኋላም ቅንጣቶቹ ቦታ ቦታቸውን የሚይዙት ቀስ እያሉ ነው፤ ቀናት ይፈጃል። ሽቶውም አብሮ ይሰክናል፣ ወጥ አድሮ እንደሚጣፍጠው። ከነዳጅ ዘይት የሚገኘው ሰም፣ ፓራፊን፣ ጥቂት ቀን ይበቃዋል። ለአኩሪ አተር ግን 2 ሳምንት ስጡት፤ ክዳኑን ገጥማችሁ ፀሐይ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ለእንቁጣጣሽ ስጦታ ካሰባችሁት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቀድታችሁ ጨርሱ። ላዩ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ቢወጣ አትደንግጡ፣ የሰሙ ጠባይ ነው።

ሳይለኮስ የሚሸተውና ሲነድ የሚሸተው ለየቅል ነው። ብርጭቆውን አሽትታችሁ ብቻ «አሪፍ ነው» ብላችሁ ለሰው አትሽጡ። ትንሽ ክፍል ውስጥ ለኩሱትና ከውጭ የመጣ ሰው ጠይቁ። ሽቶ ስትቀላቅሉ የዋላችሁበት አፍንጫ ዳኛ መሆን አይችልም።

ከ2 ሳምንት በኋላም ካልሸተተ ክሩን እዩት። አፉ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል በሚሆን ብርጭቆ፣ የቀለጠው ሰም ከተለኮሰ 3 ሰዓት ያህል ሲሆነው ዳሩ ድረስ መጠጋት አለበት። መሀል ለመሀል ጉድጓድ እየቆፈረ ከወረደ ክሩ ቀጥኗል። ሽታ የሚወጣው ከቀለጠው ሰም ነውና፣ የቀለጠው ካነሰ ሽታውም ያንሳል። ነበልባሉ ከረዘመና ጥቀርሻ ካበዛ ደግሞ ክሩ ወፍሯል ማለት ነው።

ሽቶ ማብዛት ትርፍ የለውም። ሰሙ መያዝ ሲያቅተው ሻማው ያልበዋል፣ ክሩ ይደፈናል፣ ለእሳት አደጋም ያጋልጣል። ለ500 ግራም ሰም 40 ግራም፣ ማለትም 8 በመቶ፣ ጥሩ መነሻ ነው። በሚዛን ለኩ፣ በማንኪያ አይሆንም። ሰሙ 85 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ጨምሩና 2 ደቂቃ ያህል በዝግታ አማስሉ። የቡና ወይም የእጣን ሽታ እንዲኖረው ብላችሁ ደግሞ የተፈጨ ቡና ወይም የእጣን ዱቄት እንዳትጨምሩ፣ አደራ! ዱቄቱ ክሩን ይደፍናል፤ ራሱም እሳት ሊይዝ ይችላል።

ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ሥር ወረቀት ለጥፉ፤ የተቀዳበት ቀን፣ የሽቶው መጠን፣ የክሩ ቁጥር፣ ማለትም የውፍረቱ መጠን፣ ይጻፍበት። ክሩን ስትቀይሩ ሽቶውን አትንኩ፤ ሽቶውን ስትቀይሩ ክሩን ተዉት። ያለዚያ ለውጡን ያመጣው የቱ እንደሆነ አታውቁም።